ቁርስ ምን በላህ?

እኔ ክለቡን ፈልጌ አይደለም የገባሁት። ሻወር ፈልጌ ነው።

ያኔ ቨርጂኒያ፣ ላንድማርክ የሚባል ሰፈር፣ አንድ ትልቅ አፓርትመንት ፓርኪንግ ላይ፣ መኪናዬ ውስጥ ነበር የማድረው። በፊት ከአክስቴ ልጅ ጋር ቤዝመንት ተከራይተን ነበር፣ ተጣላን። በምን ተጣላችሁ ካላችሁኝ በሳህን። ባልታጠበ ሳህን! እሱ አንድ ቃል ተናገረ፣ እኔ አስር መለስኩ። አፌ እንደሆነ እኔን አይጠብቀኝም፣ ቀድሞኝ ነው የሚሄደው። ልብሴን በፌስታል አድርጌ ስወጣ «ሲመሽ ትመለሳለህ» አለኝ። በቃ። እሷን ካለ በኋላማ ሞቼ ነው የምመለሰው።

ሥራዬ ዴሊቨሪ ነው። ቀኑን ሙሉ የሰው ምግብ ሳመላልስ እውላለሁ፣ ሲመሽ ያችው መኪና ቤት ትሆናለች። እናቴ ከባህር ዳር ደውላ «ምን በላህ?» ስትለኝ «ደህና ነኝ፣ ተመስገን» እላታለሁ። ሰው «እንዴት ነህ?» ሲለኝም ያው ነው። መኪና ውስጥ መተኛት ይለመዳል። የማይለመደው ላብ ነው። የሰው በርገር ይዘህ የሰው በር ላይ ቆመህ፣ ሴትየዋ ከረጢቱን በሁለት ጣቷ ስትቀበልህ ታውቀዋለህ።

አፓርትመንቱ ፑል አለው፣ ፑሉ ጎን ሻወር አለ። አንድ ቅዳሜ ጠዋት አጥሩን ዘለልኩ። ሳሙናዬን ይዤ ዱብ ስል፣ ብርቱካናማ ቲሸርት የለበሱ ሐበሾች ፑሉ ዳር ተሰልፈው አገኘሁ። ፊሽካ አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች ትልቅ ሴትዮ ዞር ብላ አየችኝ።

«አንተ! አረፈድክ! ግባ!»

«የት ነው የምገባው?»

«ውሃ ውስጥ ነዋ! ሳሙናውን አስቀምጥ፣ ልብስ ልታጥብ ነው የመጣኸው?»

ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔ ደግሞ ሲሳቅብኝ አልወድም። ቲሸርቴን አወለቅኩና በቁምጣዬ ዘለልኩ። ጣና ዳር ያደገ ሰው ውሃ አያስፈራውም። ወዲያኛው ጫፍ ደርሼ ስመለስ ሳቁ ቆሟል።

«ማነው ያስተማረህ?» አለችኝ።

«ጉማሬ።»

«ያስታውቃል። አንገትህን አውጥተህ ጎርፍ የወሰደው ፍየል ነው የምትመስለው። ግን ትፈጥናለህ። ቅዳሜ ቅዳሜ ትመጣለህ።»

ልምምዱ ሲያልቅ ሁሉም ሻወር ገባ። እኔም ገባሁ። አጥር የዘለልኩ መሆኔን ማንም አልጠየቀኝም፤ እያንዳንዱ ሌላው ሰው ያመጣኝ መስሎታል። ሐበሻ እንዲህ ነው። አንዴ ከቆጠረህ ቆጠረህ።

ሴትየዋን ሁላችንም እትዬ ነው የምንላት። ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ትነዳለች። ድምጿም የአውቶቡስ ነው፣ ከፊት ጮኻ ከኋላ ወንበር ያለውን ታስቀምጣለች። ውሃ ውስጥ አንቱታ ከልክላለች። «‹እጅዎን ቢሰጡኝ› እያልክ ሰውየው ይሞትብሃል። ‹እጅ!› ነው የሚባለው» ትላለች። ስለዚህ እሷን አንቺ እንላታለን፣ ሌላውን ትልቅ ሰው ደግሞ ደረቅ ላይ አንቱ፣ እርጥብ ላይ አንተ።

የክለቡን ታሪክ የነገሩኝ ጋሼ ናቸው። ጋሼ ድሮ ታክሲ ይነዱ ነበር፣ አሁን ጡረታ ወጥተዋል። እዛው ላንድማርክ፣ እኔ መኪናዬን የማቆምበት ፎቅ ላይ ነው የሚኖሩት። ፑሉንም ያስፈቀዱት እሳቸው ናቸው። ታሪኩን ሲያወሩ የጦር ሜዳ ነው የሚመስለው።

እድሩ አውቶቡስ ተከራይቶ ውቅያኖስ ሊያይ ሄደ። የእትዬን ባርኔጣ ንፋስ ወሰደው። እዛ የነበሩ ወንዶች በሙሉ፣ ሴት ልጅ ባርኔጣዋ ሲሄድ ቆሞ ማየት ነውር ነው ብለው፣ ሱሪያቸውን እንኳን ሳያወልቁ ተከታትለው ገቡ። አንዱ ስልኩ ኪሱ ውስጥ ነው። አንዱ ጫማውን በእጁ ይዟል፣ እንዳይርስበት! ዋና የሚችል ግን አንድም የለም።

«እኔ ውሃው አገጬ ጋ ደርሷል» አሉኝ ጋሼ። «አንድ ነጭ ላይፍጋርድ እየዋኘ መጣና ‹አር ዩ ኦኬ?› አለኝ።»

«እርስዎስ ምን አሉት?»

«ፈገግ አልኩና ‹ኖ ፕሮብሌም፣ ታንክ ዩ ቬሪ ማች› አልኩት።»

«ከዛስ?»

«ከዛማ ሰመጥኩ።»

«ጋሼ! ለምን አይሉትም?»

«ልጁ ሥራ በዝቶበት ነበር እኮ! ምን ላስቸግረው?»

እትዬ ሐዋሳ ያደገች ናት። በቀሚሷ ዋኝታ ጋሼን በኮሌታቸው ጎትታ አወጣቻቸው፣ ሌሎቹን ላይፍጋርዶቹ ለቃቀሟቸው። ማንም አልሞተም። ባርኔጣው ግን እስከዛሬ አልተገኘም። እትዬ አሸዋው ላይ የወንዶቹን የራሰ ሱሪ እያየች «እኔ በባርኔጣ የማንንም ተስካር አልበላም!» አለች። ክለቡ የተቋቋመው በዚህች ንግግር ነው።

ሕጎቻችን የወጡት ከዛ ቀን ነው። አንደኛው ሕግ፦ ሐበሻን ውሃ ውስጥ «ደህና ነህ?» ብለህ አትጠይቅም። እየሰመጠም ደህና ነኝ ነው የሚልህ። «ቁርስ ምን በላህ?» ነው የሚባለው። ፍርፍር ያለህን ትተወዋለህ፣ አእምሮውም ትንፋሹም አለ ማለት ነው። «ተመስገን» ያለህን ግን ታወጣዋለህ። ክርክር የለም።

ሁለተኛው ሕግ የፍሎት ነው። ፍሎት የምንለው ረጅም ቀይ ስፖንጅ ነገር ነው፣ አዳኙ በገመድ እየጎተተ ወስዶ የሚያስይዝህ። እሱን «ትፈልጋለህ?» ብለህ ካቀረብክ አለቀልህ። «አይ፣ አንተ ያዘው» ይልሃል። ሁለት ሰው ከሆኑማ «በሞቴ አንተ ቅደም»፣ «አይሆንም አንቱ ይቅደሙ» እየተባባሉ አብረው ይወርዳሉ። ስለዚህ አይጠየቅም፣ ደረቱ ላይ ይወረወራል። ይህንን ፑል ውስጥ ተለማምደነዋል። ጋሼ የሚሰምጥ ሽማግሌ ሆነው «ተው ልጄ፣ አትልፋ» ሲሉ ከልባቸው ስለሆነ አንድ ቀን እውነትም ትተናቸው ልንሄድ ነበር።

በጋውን ሙሉ እንዲህ ነው ያለፈው። እድር ወይ ማኅበር ወይ ቤተክርስቲያን ጉዞ ሲያወጣ አብረን እንሄዳለን። የከተማው ላይፍጋርዶች ከፍ ያለ ወንበራቸው ላይ ሆነው ፊሽካ ይነፋሉ፣ የኛ ሰው ፊሽካው ለሌላ ሰው ነው ብሎ ዝም ይላል። እኛ ውሃው አፍ ላይ እንቆማለን። ወደ ውስጥ የሚጎትተው ውሃ የቱ ጋ እንደሆነ እናሳያለን፣ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አስረው ጠበል የገቡ የሚመስሉትን እናቶች ወደ ዳር እንመልሳለን፣ ቁርስ እንጠይቃለን። አንዷ «ለምንድነው ስለ ቁርስ የምትጨቀጭቀኝ፣ ርቦህ ነው?» ብላኝ ስትወጣ ሳህን ሙሉ ሰጠችኝ። የተረፈውንም በፎይል ጠቅልለው ያስይዙናል። የኔን ፎይል እስከ ሰኞ አደርሰው ነበር። ያንን ግን የሚያውቅ የለም።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ እኔ ያኔ በሁሉም ነገር ነበር የምናደደው። በአክስቴ ልጅ፣ ቲፕ በማይሰጠው፣ መኪና ሊጭን ፓርኪንግ ለፓርኪንግ በሚዞረው የቶው መኪና። ቅዳሜ ጠዋት ግን አልናደድም ነበር። ቅዳሜ ሰው «አረፈድክ!» ብሎ ይጮህብኛል። የሚጠብቅህ ሰው ብቻ ነው አረፈድክ የሚልህ።

ልምምድ ላይ አብሮኝ የሚሠራው አንድ የሲልቨር ስፕሪንግ ልጅ ነበር። እዚሁ ተወልዶ ኮሌጅ የሚማር፣ አማርኛው እንደ ተሰበረ ብስኩት ነው፣ ቁርጥራጩ ጣፋጭ ነው ግን ሙሉ አይወጣም።

«ብሮ፣ ቨርጂኒያ መንዳት አታውቅም እናንተ» ይለኛል።

«እናንተ ሜሪላንዶች ቤልትዌይ አውራ ጎዳና ላይ የምታደርጉትን ፍየል አታደርገውም።»

«ፍየል አንተ ነህ። እትዬ ብላለች።»

በዋና አንተናነስም፣ እሱ አንገቱን ይቀብራል፣ እኔ አወጣለሁ። እትዬ ሁለታችንን አጣምራ ውድድር አስገባችን። በጋው ሲያልቅ የባህር ዳርቻ ክለቦች እርስ በርስ የሚወዳደሩበት ቀን አለ፣ የላይፍጋርዶቹ አለቃ እኛንም ጋበዘን። ውድድሩ ቀላል ነው። አንዱ ተጎጂ ሆኖ ማዕበሉን ሰንጥቆ እስከ ቦያው ይዋኛል፤ ቦያ የሚሉት ውሃው ላይ የታሰረ ትልቅ ፊኛ ነው። ፊኛውን ነክቶ እጁን ያነሳል። እጁ ሲታይ አዳኙ ፍሎቱን ይዞ ይሮጣል፣ ይደርሳል፣ ያስረዋል፣ ይጎትተዋል። ዳር ላይ ሁለት ሰው ተቀብለው አሸዋው ላይ ያወጡታል። እኔ ተጎጂ ነኝ፣ የሲልቨር ስፕሪንጉ ልጅ አዳኝ። ተቀባዮቹ እትዬና ጋሼ፤ ሌላው ሰው በሙሉ የሥራ ሺፍት ነበረበት።

«ለምን እኔ ተጎጂ እሆናለሁ? እኔ ነኝ ፈጣኑ!» ብዬ ተጣላኋት።

«ስለዚህ ነዋ። መጀመሪያ የሚዋኘው ተጎጂው ነው።»

መዋኘቱ አላስቸገረኝም። እጅ ማንሳቱ ነው ያስቸገረኝ። ልምምድ ላይ ሁሉ ከትከሻዬ አላልፍ አለ። «የታክሲ ወራጅ ነህ እንዴ? ሙሉውን አንሳ! አድኑኝ በል!» ትላለች እትዬ። እኔ አድኑኝ ብዬ አላውቅም። ለማን ብዬ?

ከዛ ሌበር ደይ መጣ፣ በጋው ሲያበቃ የሚከበረው የአሜሪካኖቹ በዓል። ሌበር ደይ ሲያልፍ የአፓርትመንት ፑሎች ሁሉ ይዘጋሉ። ሻወሩም አብሮ ተቆለፈ። ንፋሱ ማታ ማታ የመኪናዬን መስታወት ማንኳኳት ጀመረ፣ አንዱ መስታወት በፕላስተር የተያዘ ነው። ክረምቱ እንደሚመጣ አውቃለሁ፣ እዛች መኪና ውስጥ በረዶ እንደማልችልም አውቃለሁ። ለማን እንደምናገር ግን አላውቅም። ቅዳሜ የሚጠብቁኝ ሰዎች የሚያውቁት ዋናተኛውን እኔን ነው። ቤት የሌለኝ መሆኔን ካወቁ የሚያዩኝ ዓይን ይቀየራል፤ እሱን ደግሞ ከብርዱ በላይ ፈራሁት።

የውድድሩ ዋዜማ የቶው መኪናው መጣ። መኪናዬን ከፓርኪንግ ወደ ፓርኪንግ ሳዞር ነጋ። በእትዬ ቫን ስንጓዝ ዳቦ በእንቁላል ዞረ፣ «በልቻለሁ» ብዬ አሳለፍኩት። ሆዴ እየጮኸ! ገላዬን ከታጠብኩ ቀናት አልፈው ነበር፣ እና እጄን ዘርግቼ ስቀበል ሰው እንዳይጠጋኝ ብዬ ነው። መስኮቱ ስር ተለጥፌ የተኛሁ መሰልኩ። ጋሼ «ይሄ ልጅ እንቅልፋም ነው» ሲሉ ሰማኋቸው።

ፊሽካው ሲነፋ ግን ረሳሁት፣ ሁሉንም። ማዕበሉ ትልቅ ነበር። ጣና ላይ ንፋስ ሲነሳ እንደምናደርገው ስሩን ሰንጥቄ አለፍኩት። አሜሪካኖቹ ቆንጆ ይዋኛሉ፣ እጃቸው ሲነሳና ሲወድቅ ልክ እንደ ማሽን። እኔ እንደ ፍየል። ቦያው ጋ ቀድሜ የደረስኩት ግን እኔ ነኝ።

እጄን አነሳሁ። ያነሳሁ መሰለኝ እንጂ። ኋላ እንደነገሩኝ እስከ ጆሮዬ ነው የደረሰው። ዳኛው አላየውም፣ ልጁ መነሳት አልቻለም። ከዳር የአውቶቡሱ ድምፅ መጣ፦ «እጅ! እጅ! አንተ ልጅ፣ እጅ!» እጄን ላነሳ ስል ማዕበል በላዬ ላይ ሄደ። ጨው ዋጥኩ። ብቅ ስል ባቴ ተኮማተረ፣ እንደ ድንጋይ። ደግሜ ገባሁ። ያኔ ነው እጄ ራሱ የወጣው፣ ሙሉው፣ እስከ ብብቴ።

ልጁ መጣ። ሌሎቹ አዳኞች አጠገባችን ፍሎታቸውን እያሰሩ ነው። ልምምድ ላይ ሁሌ ሲደርስብኝ «ቁርስ ምን በላህ?» ይለኛል፣ እኔ «ያንተን እራት!» ምናምን ብዬ እሰድበዋለሁ። ቀልዳችን ነው። አሁንም እየሳቀ ጠየቀኝ።

«ተመስገን» አልኩት።

ሳቁ ፊቱ ላይ ደረቀ።

«ምን አልክ?»

«ደህና ነኝ! ጎትት፣ እየቀደሙን ነው!»

«ኖ፣ ኖ፣ ኖ። ብሮ፣ ምን በላህ?»

ምንም አልበላሁም። ልዋሽም ፈልጌ አንድ የምግብ ስም አልመጣልኝ አለ። እስቲ አስቡት፣ ቀኑን ሙሉ ምግብ የማመላልስ ሰው!

ልጁ ፍሎቱን ደረቴ ላይ ወረወረው። በውድድር ጊዜ ተጎጂውን እንደ ጆንያ ነው የምትጎትተው፣ ውሃ ቢጠጣም ፊኒሽ ላይ ይተፋዋል። በእውነት ስታድን ግን በጀርባው አስተኝተህ፣ አገጩን ከውሃ በላይ ይዘህ፣ ማዕበል ሲመጣ ቆመህ እያሳለፍክ ነው። ልጁ እንደዛ ያዘኝ።

«ፍጠን አንተ ደደብ! ሁሉም አለፉን!»

«ዝም በል!»

«አንደኛ ነበርኩ እኮ!»

«ዝም በል አልኩ! ተንፍስ!»

እየተሰዳደብን የመጨረሻ ወጣን። ከኋላችን የነበረ ነገር ቢኖር አፍሪካ ብቻ ነው።

እትዬ ወገቧን ይዛ ልትሳደብ አፏን ከፍታ ነበር። ልጁ በዛች በተሰበረች አማርኛው «ተመስገን አለ» አላት። አፏን ዘጋች። በአንድ በኩል እሷ፣ በአንድ በኩል እሳቸው ብብቴን ይዘው አነሱኝ፣ የፊኒሹን መስመር አልፈው፣ ዳኛውን አልፈው፣ ፎጣችን ጋ አስቀመጡኝ። እትዬ ባቴን እያሸች፣ ደህና ነህ ወይ አላለችኝም።

«ትናንት የት አደርክ?»

«ላንድማርክ።»

«ላንድማርክ የት?»

«ውስጥ።»

«ምን ውስጥ?»

አሸዋውን አየሁት። አፌ፣ ያ ሁልጊዜ የሚቀድመኝ አፌ፣ ያን ቀን ኋላ ቀረ።

«መኪና ውስጥ» አልኩ።

ከዛ ጋሼ ተንደቀደቁ።

«የቷ መኪና? ያቺ ነጯ? መስታወቷ በፕላስተር የተለጠፈው?»

«አዎ ጋሼ።»

«አጠገቧ ነው እኮ የማቆመው! በየቀኑ! ‹የማን ቆሻሻ ናት› እያልኩ ስሰድባት!»

«እሰማዎት ነበር» አልኳቸው።

እትዬ ሳቋ አመለጣት። እኔም ሳቅኩ መሰለኝ፣ ወይ ሌላ ነገር ነው፣ ፊቴ በጨው ውሃ እርጥብ ስለሆነ አይለይም። ጋሼ ግን አልሳቁም። ቦርሳቸውን ይበረብራሉ።

«ልጄ ቴክሳስ ከሄደ ክፍሉ ባዶ ነው» አሉ።

«አይ ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ፣ ግን አላስቸግርዎትም። እኔ እኮ ደህና…»

እትዬ ጆሮዬ ስር ፊሽካዋን ነፋችው። አሁንም ይጮህብኛል።

«ሕጉ ምንድነው?» አለች፣ እኔን ሳይሆን ልጁን።

«አይጠየቅም» አለ ልጁ። «ደረት ላይ።»

ጋሼ የቤታቸውን ቁልፍ ደረቴ ላይ ወረወሩት። ውሃ ላይ እንዳስተማሯቸው፣ በደንብ፣ እስኪያመኝ። ቁልፉ ቆዳዬ ላይ ተለጥፎ ቀረ። አልመለስኩትም። ልጁ ከቫኑ ያን ያሳለፍኩትን ዳቦ አምጥቶ ሰጠኝ፣ አሸዋ ገብቶበት ነበር፣ ከነአሸዋው በላሁት። እስካሁን እንደሱ የጣመኝ ምግብ የለም።

ስንመለስ እትዬ ሁሉንም በየቤቱ ታወርዳለች። ሌላ ጊዜ እኔ «እዚህ ጋ ይበቃኛል» ብዬ መንገድ ላይ እወርድ ነበር። ያን ቀን ከጋሼ ጋር በራቸው ላይ ወረድኩ። ሻወሩ ሙቅ ነው። ጋሼ በሩን እያንኳኩ «ሰመጥክ እንዴ?» እስኪሉኝ ድረስ አልወጣሁም።

በረዶው የመጣው ኋላ ነው። ከመስኮት ሆኜ ነው ያየሁት፣ ያቺ ነጭ መኪና ተሸፍና ጉብታ ስትመስል። ጋሼ ቤት ያለው ሕግ አንድ ብቻ ነው፦ የበላ ያጥባል። ሲነግሩኝ ጥርሴን ነከስኩ። ግን አጥባለሁ። የእሳቸውንም ጭምር አጥባለሁ፣ «ተው ልጄ፣ አትልፋ» ሲሉኝ አልሰማቸውም፣ ከእጃቸው ነው የምነጥቃቸው።

ክለቡ ክረምቱን ሲልቨር ስፕሪንግ አንድ የቤት ውስጥ ፑል አግኝቶ እዛ ነው የሚለማመደው። ድልድዩን ተሻግረን ከጋሼ ጋር በኔ መኪና እንሄዳለን፣ በፕላስተሩ በኩል እሳቸው ይቀመጣሉ፣ ብርዱን እየተራገሙ። አንገቴን መቅበር እየተማርኩ ነው። እጄ ግን አሁን ችግር የለበትም።

እናቴ በቀደም ደወለች። «ምን በላህ?» አለች፣ እንደ ሁልጊዜዋ። ለካ ከእትዬ በፊት ይህንን ጥያቄ ስትጠይቀኝ የኖረችው እሷ ናት፤ እኔ ነኝ ተመስገን እያልኩ የማልፋት። ነገርኳት። ሽሮ፣ ከሽሮው ጋር ምን እንደነበረ፣ ጋሼ በርበሬ እንዳበዙበት፣ ጠዋት ደግሞ እንቁላል፣ እንቁላሉ እንዳረረብኝ። ሁሉንም አስጨረሰችኝ።

«ሳህኑንስ ማን አጠበው?» አለችኝ። ለካ ከአክስቴ ሁሉን ሰምታ ኖሯል።

«እኔ» አልኳት።